ስለ ሙሐመድ ዓሊ ፊልም በደባርቅ የተሰጡ አስተያየቶች

በዛሬው ንግግራችን ለማስረዳት የምንፈልገው፥ አንድን ዘጋቢ ፊልም ብዙ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ውስጥ አብረው ካዩት በኋላ አስተያየታቸው እርስ በርሱ የሚለያየው ለምን እንደ ሆነ፥ ከዚህም ልዩነት ምን ትምህርት ሊገኝ እንደሚችል ነው። ነገሩን በደረቁ ከመተንተን በምሳሌ ማሳየቱ ይሻላል። ስለዚህ ምሳሌያችንን የምንወስደው፥ በደባርቅ ከተማ አንድ ማታ ከታየውና ስለ ስመ ጥሩው ቡጢኛ ስለ ሙሐመድ ዓሊ ከተሠራው ፊልም ይሆናል።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርዱ የሚቻል አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚችው ከተማ ስለ ሆነ፥ ነዋሪዎቿ የውጭ አገር ሰው ማየትና ማስተናገድ የለመዱ ናቸው። ይህ ተናጋሪ በመሥሪያ ቤት ሥራ ምክንያት ወደዚያ በሄደ ጊዜ፥ አንድ ቅዳሜ ማታ በአዳራሽ ውስጥ ፊልም እንደሚታይ ሰምቶ ከሰዎቹ ጋር ገባ። በአዳራሹ ውስጥ ተማሪዎች፥ የመንግሥት ሠራተኞች፥ ለጎብኝዎች መንገድ የሚመሩ ወጣቶች፥ ጋቢያቸውን የተከናነቡ ሽማግሌዎች፥ ቡና የሚያፈሉ እናቶችም ነበሩ። የፊልሙ ንግግር በእንግሊዝኛ ስለ ነበር አንድ መምህር ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ እያቋረጠ በአማርኛ ይተረጉም ነበር።

የታየው ፊልም ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ነገሥታት በነበርን ጊዜ» እንደ ማለት ነው። የሠራው ሊዮን ጋስት የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፥ የሚተርከውም ሙሐመድ ዓሊና ጆርጅ ፎርማን በጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. በኪንሻሳ ከተማ ስላደረጉት ግጥሚያ ነው። ያን ጊዜ አገሪቱ ዛየር ትባል ነበር፤ ዛሬ የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የምትባለው ናት። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጊዜው የሚታወስ ነው፤ ግጥሚያው የተደረገው ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነበርና።

ሙሐመድ ዓሊ ከኢትዮጵያ ጋር በአንድ ነገር የሚገናኝ ታሪክ አለው። በ1952 ዓ.ም. በሮም በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ፥ ያን ጊዜ ካሲየስ ክሌይ ተብሎ የሚጠራው የ18 ዓመት ወጣት በቀላል ከባድ ሚዛን የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው በነሐሴ 30 ቀን ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ፥ ጳጉሜ 5 ቀን፥ አበበ ቢቂላ በዚያው ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ወርቅ አገኘ። ሁለቱም ከዚያ ቀን በፊት በዓለም ዘንድ ብዙ የማይታወቁ ነበሩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሰው ሁሉ የየራሱን ተስፋ በላያቸው ላይ መጫን ጀመረ። ይህ የተስፋ ጭነት የዛሬው ንግግራችን ዋና ነገር ስለ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዓሊ በ1956 ዓ.ም. የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በሚያዝያ 20 ቀን 1959 ዓ.ም. ግን ወደ ቬትናም ጦርነት ለመዝመት የሚያበቃውን ምልመላ፥ ሃይማኖቴና ኅሊናዬ አይፈቅዱልኝም ሲል እምቢ አለ። በዚህ ምክንያት ሻምፒዮንነቱን ተገፈፈ፤ አምስት ዓመት እስራትና ዐሥር ሺህ ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። ይግባኝ ስለ ጠየቀ ባይታሰርም፥ የጉልበቱ ዘመን በሆነው ዕድሜው ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከቡጢ መድረክ ተለየ። የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረለት በ1963 ዓ.ም. ሰኔ ወር ነው። እንግዲህ ወደ ኪንሻሳ ሲሄድ ዕድሜው 32 ዓመት ነበር። ተጋጣሚው ፎርማን 25 ዓመቱ ሲሆን፥ ካደረጋቸው 40 ግጥሚያዎች አንዱንም አልተሸነፈም፤ ከእነዚህም ውስጥ 37ቱን ያሸነፈው በዝረራ ነው። ስለ ዓሊ ሕይወት የሚሠጉ ወዳጆቹ ብዙዎች ነበሩ።

ግጥሚያው የተጀመረው በአሜሪካ የሚገኙ ተመልካቾች በማታ ሰዓታቸው እንዲያዩት ሲባል፥ በኪንሻሳ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው። ስድሳ ሺህ ያህል ሕዝብ በስታዲዮሙ ውስጥ ነበር። ዓሊ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ጀርባውን ለገመዱ ሰጥቶ፥ ፊቱን በሁለት እጁ ከልሎ፥ ፎርማን እንዳሻው እንዲመታው ፈቀደለት። የገዛ ረዳቶቹ ሳይቀሩ ከገመዱ እንዲርቅ ይጮኹበት ነበር። በስምንተኛው ዙር ማለቂያ ላይ የፎርማን ክንድ በዛለ ጊዜ ዓሊ ከገመዱ ተነጥሎ በተከታታይ መታው፤ ፎርማንም ተዘረረ። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በሊንጋላ ቋንቋ «ዓሊ ቦማ ዬ» እያለ ይጮኽ ነበር። ትርጉሙ «ዓሊ፥ ግደለው» ማለት ነው።

መብራቱ በበራ ጊዜ ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ከዚያ በኋላ መምህሩ ተመልካቾቹ ሐሳባቸውን እንዲናገሩ ጠየቀ። አሁን የምንተርክላችሁ የእነዚህን ሰዎች አስተያየት ነው።

መጀመሪያ የተነሣው ለጎብኝዎች መንገድ ከሚመሩት ወጣቶች አንዱ ነበር። «እኔን ያስደነቀኝ ጉልበቱ ሳይሆን ብልሃቱ ነው» አለ። ቀጥሎም፥ «እኛ በየቀኑ ከጭላዳ መንጋ ጋር ስንውል የምናየው ነገር አለ። ወንዱ ጭላዳ ከመጣላቱ በፊት የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን ያሳያል። ብዙውን ጊዜ ጠቡ በዚያው ይበርዳል፤ መናከስ ድረስ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ዓሊም ከግጥሚያው በፊት በአፉ የተናገረው ሁሉ እንደዚያ ነው። ፎርማንን ገና ሳይነካው አናደደው፤ የተናደደ ሰው ደግሞ ጉልበቱን አይቆጥብም» ሲል ሰዎቹ ሁሉ ሣቁ።

ይህ ወጣት የተናገረው ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሚናገረው ነው። የገመዱ ብልሃት እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማስረዳት ይገባል። የቡጢ መድረክ ገመድ የሚለመጥ ነው፤ በእርሱ ላይ የተደገፈ ሰው ሲመታ የምቱ ኀይል ከፊሉ ወደ ገመዱ ይተላለፋል። ክንዱ ላይ ያረፈ ምት ያማል፤ አገጭ ላይ እንዳረፈው ግን ራስን አያስትም። ከዚህም ሌላ የሚመታው ሰው ከሚመታው ሰው ይልቅ ቶሎ ይደክማል፤ በተለይም እንደ ኪንሻሳ ባለ ሙቀትና ወበቅ በበዛበት አገር፥ ግጥሚያው ዐሥራ አምስት ዙር ሊደርስ በሚችልበት ጊዜ፥ በየምቱ ሙሉ ኀይሉን የሚያወጣ ሰው እስከ መጨረሻው አይዘልቅም። ፎርማን ብዙ ተጋጣሚዎቹን በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ስለሚዘርር ረጅም ግጥሚያ የለመደ አልነበረም። ዓሊ ያሸነፈው ይህን አስቀድሞ በማሰቡ ነው።

ሁለተኛው ተናጋሪ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «ልጄ፥ ያልኸው እውነት ነው» ካሉ በኋላ፥ «ነገር ግን እኔ ይህን ሰው ሳየው ፎካሪ ሆኖ ነው ያገኘሁት። የእኛም አባቶች ይፎክሩ ነበር። ይሁን እንጂ ፎካሪ የሚፎክረው የራሱን ጀግንነትና የአባቶቹን ስም እየጠራ ነው እንጂ፥ የሰውን መልክ እየሰደበ አይደለም። ይህ ሰው ባላንጣውን አስከሬን ነህ ይለዋል፤ ይህን አልወደድሁለትም» አሉ።

እኒህ ሽማግሌ የነኩት ነገር ዓሊን ያደንቁ የነበሩ ብዙ ጸሐፊዎችም ያነሡት ነው። ዓሊ ንግግሩን እንደ ግጥም አሳምሮ ሕዝብን የሚያስቅና የሚማርክ ሰው ነበር፤ ግን በተለይ ጆ ፍሬዘር የተባለውን ባላንጣውን በመልኩ ክፉኛ ሰድቦታል። ፍሬዘር ይህን ስድብ ለብዙ ዘመን አልረሳውም። ዓሊም እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. በጋዜጣ ቃሉን ሰጥቶ ይቅርታ ጠይቋል። ምላስ አጥንት የለውም፥ ግን አጥንት ይሰብራል የሚለው ያገራችን ምሳሌ ለዚህ ይስማማል። በኪንሻሳው ፊልም ውስጥ ግን ይህ ቅሬታ ብዙ አይሰማም፤ ምክንያቱም ፊልሙ የተሠራው ዓሊን በሚወዱ ሰዎች እጅ ነው።

ሦስተኛው አስተያየት የመጣው ከአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እርሱም በወረቀት ላይ ማስታወሻ ሲጽፍ ቆይቶ ኖሮ፥ «ሂሳቡን ላስብ» ብሎ ጀመረ። «ለሁለቱ ቡጢኞች ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ሚሊዮን፥ በጠቅላላው ዐሥር ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል። ይህን ዋስትና የሰጠው የሞቡቱ መንግሥት ነው። ያገሩ ልጆች ግን በፊልሙ ውስጥ በባዶ እግራቸው ከመኪና ኋላ ሲሮጡ እናያለን። እንግዲህ ለማን የተደረገ ድግስ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ይህም ጥያቄ ተገቢ ነው። ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ ኮንጎን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ የገዛ ሲሆን፥ ግጥሚያው ስሙን በዓለም ላይ እንዲያስጠራለት ፈልጎ ነበር። በገዛ ስታዲዮሙ ግን ፊቱን አላሳየም። ፊልሙ ይህን አልደበቀም፤ የሞቡቱን ትልልቅ ሥዕሎች ያሳያል፤ ስለ አገዛዙም ጭካኔ የሚናገሩ ሰዎችን ያቀርባል። ይሁን እንጂ ያገሬው ሰው በፊልሙ ውስጥ ሲጮኽና ሲዘፍን እንጂ ተቀምጦ ሐሳቡን ሲያስረዳ እምብዛም አይታይም። ነገሩን የሚተነትኑት ኖርማን ሜይለርና ጆርጅ ፕሊምተንን የመሰሉ አሜሪካውያን ጸሐፊዎች ናቸው። ስለዚህ የእኛ የመንግሥት ሠራተኛ «ለማን የተደረገ ድግስ ነው?» ሲል የጠየቀው፥ ሞቡቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙንም የሚመለከት ጥያቄ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው አስተያየት ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ነው። ቡና ሲያፈሉ ከነበሩት እናቶች አንዲቱ፥ የዳባት አገር ሰው የሆኑ፥ ሲኒውን አስቀምጠው ተነሡ። ይህ ተናጋሪ በዚያች ሰዓት ከወጣቶቹ ጋር ሆኖ «ግደለው» የሚለውን ጩኸት በቀልድ ሲደጋግም ነበር። እኒህ እናት ወደ እርሱ ዘወር ብለው፥ «ልጄ፥ እናንተ ከሩቅ የመጣችሁ ናችሁ። እዚህ አገር ይህ ቃል በዋዛ አይጠራም። ያ የወደቀውስ ልጅ? እናት የለውም? ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

የዳባትን አገር ለማያውቁ አድማጮች ነገሩን መግለጽ ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ፥ በጭና ተክለ ሃይማኖት ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ከጭና እስከ ደባርቅ ሩቅ መንገድ አይደለም። በአዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል በዚያ ዘመድ ያልሞተበት ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። እንግዲህ «ግደለው» የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ ሰው የስታዲዮም ጩኸት ሲሆን፥ ለእኒህ እናት ግን የሰሙት ትእዛዝ ነው። ይህ ተናጋሪ ያን ጊዜ ያፈረውን ያህል አፍሮ አያውቅም፤ ይህንም ንግግር ለማዘጋጀት ያነሣሣው ያው ኀፍረት ነው።

አሁን የአስተያየቱን መለያየት ምክንያት ማየት እንችላለን። ወጣቱ ሥራውን፥ ሽማግሌው የአባቶችን ሥርዓት፥ ሠራተኛው ሂሳቡን፥ እናቲቱ ሐዘናቸውን ይዘው ነው ወደ አዳራሹ የገቡት። መጋረጃው ላይ የታየው ሥዕል አንድ ነው፤ ያየው ዐይን ግን አራት ነው። በኪንሻሳም የሆነው ይኸው ነበር። ፎርማን ወደዚያ አገር ሲገባ ትልቅ የጀርመን ውሻ ይዞ ነበር። እርሱ ውሻውን ስለሚወደው ይዞት መጣ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ያገሩ ሰው ግን የቤልጅግ ቅኝ ገዥዎች ፖሊስ እንደዚህ ባለ ውሻ ያስፈራራው እንደ ነበር ያስታውሳል። ስለዚህ ሁለቱም ቡጢኞች ጥቁር አሜሪካውያን ሆነው ሳሉ፥ ሕዝቡ ዓሊን ወገኔ፥ ፎርማንን ባዕድ አለ። ፍርዱን የሰጠው ያየው ነገር ሳይሆን ያስታወሰው ነገር ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲዮም ጆ ሉዊስ የሚባል የ21 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ፕሪሞ ካርኔራ ከሚባል ግዙፍ ኢጣልያዊ ጋር ተጋጠመ። ያን ጊዜ የሙሶሊኒ መንግሥት ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ ያጓጉዝ ነበር። ስለዚህ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያንና ብዙ ጋዜጦች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የኢጣልያ ግጥሚያ አድርገው ቈጠሩት። ጠብ እንዳይነሣ በማለት ብዙ ፖሊስ በስታዲዮሙ ተሰማርቶ ነበር። ሉዊስ በስድስተኛው ዙር አሸነፈ፤ በሃርለም ሰፈር ሕዝቡ በደስታ ወደ ጎዳና ወጣ። ሉዊስ ኢትዮጵያን አይቷት የማያውቅ ሰው ሲሆን፥ በአንድ ሌሊት የኢትዮጵያ አርበኛ ሆነ።

ነገር ግን ሦስት ወር ካለፈ በኋላ፥ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። በመድረክ ላይ የተገኘው ድል አንዲት የአየር ቦምብ አላስቀረም። ከደባርቅ ወጣ ብሎ የሚገኘው የወልቀፊት ምሽግ ከጠላት እጅ የወጣው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህም የሆነው የአገሩ አርበኞች ለአምስት ዓመት ደማቸውን ካፈሰሱ፥ የእንግሊዝም ጦር ካገዛቸው በኋላ ነው። ዛሬ በሊማሊሞ መንገድ የሚወርድ ሰው ይህን ቦታ ያየዋል። ካርኔራም ራሱ ሙሶሊኒ አልነበረም፤ በሙያው የነገዱ ሰዎች ገንዘቡን የበሉበት ምስኪን ሰው ነበር። የሮማ መንግሥት ሲያሸንፍ ሰቀለው፤ ሲወድቅ ተወው። እንግዲህ በቡጢ መድረክ ላይ የሚወድቀው አንድ ሰው እንጂ አንድ መንግሥት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ስፖርት ለሕዝብ ተስፋ አይሰጥም ማለታችን አይደለም። የሉዊስ ድል በችግር ላይ ለነበረ ሕዝብ ቀና ብሎ እንዲሄድ ረድቶታል፤ የአበበ ቢቂላም የሮም ድል በእኛ ላይ ያደረገውን ሁላችንም እናውቃለን። የምንለው በጦርነትና በጨዋታ መካከል ያለው ልዩነት መዘንጋት የለበትም ነው። በቡጢ መድረክ ላይ ደወል አለ፤ ዳኛ አለ፤ የወደቀው እስከ ዐሥር ይቈጠርለታል፤ በወደቀበት ጊዜም መምታት ክልክል ነው። በጦርነት ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። የዳባቲቱ እናት ያስታወሱን ይህንኑ ነው።

እርሳቸው የጠየቁትንም ጥያቄ መልስ ሳንሰጥ ማለፍ አይገባንም። የወደቀው ምን ሆነ? ፊልሙ ይህን በሚገባ አይነግርም፤ ታሪኩ ግን የታወቀ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ ፎርማን ከሽንፈቱ በኋላ ብዙ ተተችቷል፤ ራሱም ለረጅም ጊዜ ተክዞ እንደ ኖረ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ቡጢን ትቶ የሃይማኖት ሰባኪ ሆነ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ ለወጣቶች ላቋቋመው ማእከል ገንዘብ ለማግኘት ሲል ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ሰዎችም ሣቁበት። በጥቅምት 26 ቀን 1987 ዓ.ም.፥ ከኪንሻሳ ሽንፈት በኋላ 20 ዓመት ሲሞላ፥ የ45 ዓመቱ ፎርማን ማይክል ሙረርን በዝረራ አሸንፎ እንደ ገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ዕድሜ ያን ማዕርግ ያገኘ ከባድ ሚዛን ቡጢኛ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ያሸነፈውስ ምን ሆነ? ዓሊ ከኪንሻሳ በኋላ ሌላ ሰባት ዓመት ያህል ተጋጠመ፤ ብዙ ምትም ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. የፓርኪንሰን ሕመም እንደ ያዘው ታወቀ። ይህ ሕመም እጅን ያንቀጠቅጣል፤ እንቅስቃሴን ያዘገያል፤ ንግግርንም ያሳንሳል። ሕመሙ ከምቱ የመጣ ነው ወይስ አይደለም በማለት ሐኪሞች ተከራክረውበታል። ራስ ላይ ተደጋግሞ የሚያርፍ ምት አንጎልን እንደሚጎዳ ግን፥ ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ገና እ.ኤ.አ. በ1928 ዓ.ም. በቡጢኞች ላይ አይቶ ጽፎታል። የገመዱ ብልሃት ዋጋ ያልተከፈለበት ብልሃት አልነበረም ማለት ነው። በሐምሌ 12 ቀን 1988 ዓ.ም. በአትላንታ የኦሊምፒክን ችቦ በሚንቀጠቀጥ እጁ ሲለኩስ ዓለም ሁሉ አይቶታል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፋጡማ ሮባ ወርቅ ያገኙት በዚያው ጨዋታ ስለ ነበር፥ ከእኛም መካከል ያን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ብዙ ነው።

ፊልሙ ከተቀረጸ በኋላ በገንዘብና በሕግ ክርክር ምክንያት ለሕዝብ ሳይቀርብ 22 ዓመት ቆየ። በመጋቢት 15 ቀን 1989 ዓ.ም. የኦስካር ሽልማት በተሰጠው ጊዜ፥ ዓሊና ፎርማን ሁለቱም በአዳራሹ ነበሩ። ወደ መድረኩ የሚያወጣውን ደረጃ ለመውጣት ዓሊ እግሩ ከበደው። ደግፎ ያወጣው ያ በኪንሻሳ የዘረረው ጆርጅ ፎርማን ነበር። ሁለቱ ወዳጅ ሆነው ኖሩ። ዓሊ በግንቦት 26 ቀን 2008 ዓ.ም.፥ ፎርማን ደግሞ በመጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ይህ ታሪክ በተተረከ ጊዜ እናቲቱ ራሳቸውን ነቅንቀው፥ «እንግዲህ ፊልሙ ማለቅ የነበረበት እዚያ ላይ ነበር» አሉ። በዚያ ማታ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ ይህ የበለጠ እንደ ሆነ እናምናለን። ምክንያቱም እርሳቸው ያሳዩን፥ ፊልም ሠሪ ታሪኩን በሚፈልገው ቦታ ላይ ቈርጦ እንደሚያቆም፥ የተቈረጠውን ግን ተመልካች በጥያቄው ሊቀጥለው እንደሚችል ነው።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ ከእናንተ ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናችሁ መጠን፥ በየጊዜው በስብሰባና በትምህርት ቤት ዘጋቢ ፊልም ታያላችሁ፤ ለሌላውም ታሳያላችሁ። ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ ዘጋቢ ፊልም ያየ ሰው ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። አንደኛ፥ ይህን የቀረጸው ማን ነው፥ የሚወደውስ ማንን ነው? ሁለተኛ፥ በፊልሙ ውስጥ የታየ ግን ያልተናገረ ሰው ማን ነው? ሦስተኛ፥ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የወደቀውም ያሸነፈውም ምን ሆኑ? እነዚህ ጥያቄዎች ለፊልም ብቻ የሚያገለግሉ አይደሉም። በጠረጴዛችን ላይ የሚቀርበው የባለጉዳይ ፋይልም አንድ ሰው የቈረጠው ታሪክ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ስሙ ተጽፎ ቃሉ ያልተሰማ ሰው አይታጣም።

ከዚህም ሌላ ፊልም የሚያሳይ መሥሪያ ቤት ሁሉ፥ ፊልሙ እንዳለቀ ሰዎቹን ከማሰናበት ይልቅ ለአስተያየት የሚሆን ጊዜ ቢሰጥ መልካም ነው። የደባርቁ መምህር ያን ማታ ተመልካቾቹን ባይጠይቅ ኖሮ፥ ሁላችንም «ግደለው» እያልን ወደየቤታችን እንሄድ ነበር። የጠየቀ እንደ ሆነ ግን ከሚያጨበጭቡት ብዙዎች መካከል፥ ሲኒዋን አስቀምጣ የምትነሣ አንዲት እናት ልትገኝ ትችላለች።